ልጆቻችን ሱቅ ሲከፍቱ ታፔላው ምን ይበል?

ጠላ ቤት ታፔላ አያስፈልገውም። ደጁ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ፣ ፊደል ያልቆጠረም ሰው እዚያ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል። ብዙዎቹ የዛሬ ሱቆቻችን የጎደላቸው ይህ ግልጽነት ነው።

ከጡረታችንም ከዕቁባችንም አጠራቅመን ለልጆቻችን ሱቅ የምንከፍት ወላጆች ጥቂት አይደለንም። ስለ ኪራዩና ስለ ዕቃው ስንጨነቅ ደጁን ለታፔላ ሠሪው እንተወዋለን። የእህቴ ልጅ ባልትና ስትከፍትም የሆነው ይኸው ነው። ገንዘቡ የእናቷ ዕቁብ ነበር። ታፔላው ላይ በወርቃማ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የሱቁ ስም ብቻ ተጻፈ። የበሩን ግማሽ ደግሞ ጆንያ ሸፈነው። ሰዎች ጎረቤቷ ሱቅ ገብተው «እዚህ አካባቢ ባልትና የት ይገኛል?» ይሉ ነበር። ኪራይ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ሦስት ወር ሙሉ የከፈለችላት እናቷ ናት።

በኋላ ታፔላውን አስቀይራ በነጭ ላይ በጥቁር «ባልትና፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመማ ቅመም» ብላ አስጻፈች። ጆንያውን ወደ ውስጥ አስገብታ ቅመሙን በመስታወት ዕቃ ከፊት ደረደረች፤ የኪሎውንም ዋጋ ለጠፈች። ሀብታም አልሆነችም። ኪራይዋን ግን አሁን ራሷ ትከፍላለች።

በነርስነት ስሠራ ብዙ የደከሙ ዓይኖች አይቻለሁ። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ቀለም ይደበዝዝበታል፤ በቢጫ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል አይለይለትም። በርበሬና ሽሮ መርጠው የሚገዙት ደግሞ በአብዛኛው እናቶችና አያቶች ናቸው። ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ፊደሉ ከቀጠነ ወይም ጌጥ ከበዛበት ጭረቷ ከሩቅ አትታይም። ከ10 ሜትር ርቀት ያለ ችግር እንዲነበብ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጽሑፉን በትልቅ ወረቀት አስጽፋችሁ በሩ ላይ ስቀሉትና ከመንገዱ ማዶ አያት ያንብቡት። እርሳቸው ካነበቡት ሌላውም ያነበዋል። ስለ መጠኑና ስለ ቀለሙ አስቀድማችሁ ወረዳውን ጠይቁ፤ በተለይ ኮሪደር ልማት በደረሰበት መንገድ። ልጃችሁ የሚከፍተው መድኃኒት ቤት ወይም ክሊኒክ ከሆነ ቀይ መስቀል አታስሥሉ፤ ምልክቱ በ1949 እ.ኤ.አ. በተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፤ የንግድ ምልክት አይደለም።

ከታፔላው የተረፈ ብር ካለ ለአንድ ጥሩ አምፖልና ለደጁ ቦይ ጠንካራ መሻገሪያ ይዋል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ታፔላውን አንብባ ቦዩን መሻገር ካቃታት፣ የምትገዛው ከሚቀጥለው ሱቅ ነው።