የዲስክ ክፍፍልና የማስነሻ ፕሮግራም በትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች

መግቢያ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ነው። ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ከዚራ፣ የባቡር ጣቢያውን ይዞ፣ ጎዳናዎቹ አስቀድመው በፕላን ተሠምረው የተሠራ ሰፈር ነው። ቤት ከቆመ በኋላ መንገድ ማቃናት ማፍረስን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። የኮምፒዩተር ዲስክም እንዲሁ ከመያዙ በፊት መከፋፈል አለበት።

ጉዳዩ አሁን መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ስለማይቀበል፣ ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ አንዱ አማራጭ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለውጡ ሲደረግ የተማሪዎችና የመምህራን ሥራ እንዳይጠፋ መደረግ ያለበትን ማስረዳት ነው።

ሀ. የማስነሻው ተግባር

ኮምፒዩተር ሲበራ በቅድሚያ የሚሠራው በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። እርሱም የማስነሻውን ፕሮግራም ፈልጎ ሥራውን ያስረክበዋል። በሊኑክስ የተለመደው ማስነሻ ግራብ ይባላል፤ ተግባሩም የሥርዓቱን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ወደ ማስታወሻ ክፍል መጫን ነው። ሁለት ሥርዓቶች ሲኖሩ ምርጫውን ለተጠቃሚው ያቀርባል።

በቀድሞው አሠራር የማስነሻው መጀመሪያ የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ነው። ከዚህም 446ቱ ለማስነሻው፣ 64ቱ ደግሞ ከአራት ለማይበልጡ ዋና ክፍሎች መዝገብ የተመደቡ ናቸው። ዩኢኤፍአይ በተባለው አዲሱ አሠራር ግን ማስነሻው በራሱ አነስተኛ ክፍል ውስጥ እንደ ፋይል ይቀመጣል።

ለ. የዲስኩ ክፍፍል

ለ250 ጊጋባይት ዲስክ የሚከተለው ድልድል በምሳሌነት ሊወሰድ ይችላል፦

1. ለማስነሻው 512 ሜጋባይት፣
2. ለሥርዓቱ 40 ጊጋባይት፣
3. ለማስታወሻ መደገፊያ 4 ጊጋባይት፣
4. የቀረው በሙሉ ለተጠቃሚዎች ፋይሎች።

የዚህ ድልድል ዋና ጥቅም በአራተኛው ክፍል ላይ ነው። ሥርዓቱ ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ሁለተኛው ክፍል ብቻ ይጸዳል፤ የተማሪዎች ሥራ ሳይነካ ይቆያል። ሁሉም በአንድ ክፍል ተደባልቆ ከሆነ ግን አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ሐ. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በመጀመሪያ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። ክፍሎችን በማጥበብ ወይም በማስፋት ላይ ሳሉ መብራት ቢቋረጥ ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል፣ አስተማማኝ የኃይል ምንጭ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ሁለቱም ሥርዓቶች የሚጫኑ ከሆነ ዊንዶውስ ይቅደም፤ ኋላ የገባ እንደሆነ የራሱን ማስነሻ ያስቀድማልና። ሁለቱም በአንድ ዓይነት አሠራር፣ በቀድሞው ወይም በዩኢኤፍአይ፣ መጫን አለባቸው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን፣ ኮምፒዩተር አልነሣም ማለት ፋይል ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ነው። ማስነሻው ብቻ ተበላሽቶ ከሆነ፣ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ ግራብን መልሶ መጫን ይበቃል። ይህን ሳይመረምሩ ዲስኩን ማጽዳት የዓመት ድካምን በከንቱ ማጥፋት ነው።

ማጠቃለያ

ክፍፍል መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ ዲስኩ ራሱ ሲሰበር ክፍሎቹ ሁሉ አብረው ይጠፋሉና። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ለኮምፒዩተር ክፍሎች አንድ ወጥ ድልድል በጽሑፍ ሊወስኑ፣ መምህራንም የማስነሻ ፍላሽና ቅጂ በእጃቸው ሊይዙ ይገባል።