በኦክስጅን የበለጸገ የመስኖ ውኃና የእንጆሪ ብርሃን አስተጻምሮ፦ ከአዳሚ ቱሉ አካባቢ ሁኔታ አንጻር

በዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ዳርቻ፣ በባቱና በአዳሚ ቱሉ አካባቢ፣ እንጆሪን በግሪንሃውስና በጠብታ መስኖ ለማልማት የሚያስብ አልሚ ከወጪው በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የመስኖውን ውኃ በኦክስጅን ማበልጸግ የተክሉን ብርሃን አስተጻምሮ ያሳድጋል ወይ የሚል ነው።

በቅድሚያ ኦክስጅን የብርሃን አስተጻምሮ ውጤት እንጂ ግብዓት አለመሆኑ ሊታወስ ይገባል። ስለሆነም ጥቅሙ የሚመነጨው ከቅጠል ሳይሆን ከሥር ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ሲያጣ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል የሚያገኘው ኤቲፒ ከ30 ገደማ ወደ 2 ይወርዳል። ጉልበቱ የደከመ ሥር ውኃና ማዕድናትን በሚገባ መሳብ ይሳነዋል፤ ቅጠሉም ውኃ ለመቆጠብ ስቶማታውን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ወደ ቅጠሉ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያንስ ብርሃን አስተጻምሮ ይቀንሳል።

የአካባቢው ሁኔታ ችግሩን ያባብሰዋል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በባሕር ወለል 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ ግን የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ መጠኑ ወደ 6.7 ይወርዳል። ውኃው ፀሐይ በመታው ጥቁር ቱቦ ውስጥ 30 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ 6.1 ገደማ ይሆናል። ሙቀት የሥርን አተነፋፈስ ስለሚያፋጥን፣ አቅርቦቱ ሲቀንስ ፍላጎቱ ይጨምራል።

ይሁን እንጂ የሥር ዋነኛ የኦክስጅን ምንጭ አየር ነው። በዚሁ ከፍታ አንድ ሊትር አየር 220 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ይህም ከውኃው ከ30 እጥፍ በላይ ነው። ኦክስጅን በአየር ውስጥ የሚሰራጨውም በውኃ ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። ስለዚህ ሥሩ አየር በሚያገኝበት ማብቀያ ላይ የበለጸገ ውኃ የሚጨምረው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ማብቀያው ሲጠቀጠቅ ወይም ውኃ ሲያቁር ነው።

በመሆኑም መሣሪያ ከመግዛት በፊት ማብቀያውን በስምጥ ሸለቆው በሚገኙ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ማናፈስ፣ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣትና ቱቦዎችን ከፀሐይ መከለል ይቀድማል። ኦክስጅን መጨመር ካስፈለገም ልኬቱ ከማንጠብጠቢያው ጫፍ ይወሰድ፤ ከመጠን በላይ የበለጸገ ውኃ ከታንከሩ ሥሩ ዘንድ እስኪደርስ ከኦክስጅኑ ከፊሉን ያጣልና።