አፈርና ብረት በሞንትጎመሪ

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ባለ አንድ ሙዚየም ውስጥ፣ መደርደሪያ ሙሉ ትልልቅ የመስታወት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። የያዙት አፈር ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር መረሬ፣ ሌላው አሸዋ የበዛበት። በእያንዳንዱ ላይ የሰው ስም፣ ቀንና ቦታ ተጽፏል፤ ስሙ ያልተገኘለት ሰው ደግሞ «ያልታወቀ» ተብሎ ተመዝግቧል። አፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን በነጮች መንጋ ከተገደሉባቸው ቦታዎች ወይም ከአቅራቢያቸው የተዛቀ ነው። ጠርሙሶቹ ከ800 በላይ ናቸው።

ባርነት በ1865 በሕግ ተሻረ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰማንያ ያህል ዓመታት ግን ነፃ የወጣውን ሕዝብ አንገት ለማስደፋት ነጮች በደቦ ይገድሉ፣ ብዙ ጊዜም ይሰቅሉ ነበር። ይህ በጨለማ የተፈጸመ ወንጀል አልነበረም። ብዙ ጊዜ በአደባባይ፣ በቀን፣ ሕፃናት ጭምር እያዩ ይፈጸም ነበር፤ ፎቶግራፉ ፖስት ካርድ ሆኖ የተሸጠበት ጊዜም አለ። ሰበቡ ደግሞ ምንም ሊሆን ይችል ነበር። በ1940 በአላባማ ሉቨርን ከተማ ጄሲ ቶርንተን የተባለ ሰው የተገደለው አንድ ነጭ ፖሊስ «ሚስተር» ሳይል በስሙ ስለጠራ ነው። ድርጊቱን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮንግረስ የቀረበው በ1900 ነበር። ያቀረበው ጆርጅ ሄንሪ ዋይት በዘመኑ የነበረው ብቸኛው ጥቁር የኮንግረስ አባል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ረቂቆች ቀርበው ወደቁ። ሕጉ የጸደቀው በመጋቢት 2022 ነው።

ሙዚየሙንና ከእሱ ጋር የሚታየውን መታሰቢያ ያቋቋመው ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ የተባለ ድርጅት ነው። ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን በ1989 ሲመሠርተው ዋና ሥራው ሞት ለተፈረደባቸው እስረኞች መከራከር ነበር። ሕጉ ለድሃና ለጥቁር ለምን እንደዚህ እንደሚጨክን ሲጠይቅ ግን መልሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ታሪክ መራው። ሞንትጎመሪ የባሪያ ንግድ የደራባት ከተማ ነበረች፤ በ1861 ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉት ግዛቶች የመጀመሪያ ዋና ከተማም እሷ ናት። ለእነዚያ ግዛቶች ክብር የቆሙ ሰሌዳዎችና ሐውልቶች በየመንገዱ ሲታዩ ስለ ባሪያ ንግዱ የሚናገር አልነበረም። ድርጅቱ በ2013 ሦስት ሰሌዳዎችን አቆመ። በ2015 ደግሞ ባለሙያዎቹ ጋዜጦችንና የፍርድ ቤት መዝገቦችን ለዓመታት ሲያገላብጡ ቆይተው በ12 የደቡብ ግዛቶች ከ1877 እስከ 1950 የተፈጸሙ 3,959 ግድያዎችን በጥናት አወጡ።

የሰላምና የፍትሕ ብሔራዊ መታሰቢያ የተከፈተው ሚያዝያ 26 ቀን 2018 ነው። ከተማዋን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ፣ በአራት ማዕዘን በተሠራ ጣሪያ ሥር፣ ከ800 በላይ የብረት ምሰሶዎች አሉ። የእያንዳንዳቸው ቁመት አንድ ሰው ያህላል። አንዱ ምሰሶ አንድን ካውንቲ (የግዛት ንዑስ አስተዳደር) ይወክላል፤ በላዩ ላይ በዚያ ካውንቲ የተገደሉት ሰዎች ስምና የሞቱበት ቀን ተቀርጿል። ሁሉም ሲደመሩ ከ4,400 በላይ ናቸው። ብረቱ ሆን ተብሎ የተመረጠ፣ ዝናብና አየር ሲያገኘው እየዛገ ቡናማ የሚሆን ዓይነት ነው። ሰው ሲገባ ምሰሶዎቹ ፊት ለፊቱ ቆመው ያገኛቸዋል፤ ስሙን በዓይኑ ትይዩ ያነባል። ወለሉ ግን ቀስ በቀስ ቁልቁል ይወርዳል፤ ምሰሶዎቹ ባሉበት ስለሚቀሩ ጥቂት እንደተራመደ ከራሱ በላይ ተንጠልጥለው ያያቸዋል። ስሙን ለማንበብ አንገቱን ማቅናት ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ሊያይ በመጣው ሕዝብ ቦታ ቆሞ፣ የተሰቀለ ሰው ቀና ብሎ እንደሚመለከት ይገባዋል። የሕንፃ ጥበብ ይህን ያህል ሲናገር ብዙ አላየሁም።

ከጣሪያው ውጭ የእነዚያው ምሰሶዎች ግልባጮች እንደ ሬሳ ሣጥን ተጋድመው በረድፍ ይታያሉ። ሐሳቡ እያንዳንዱ ካውንቲ መጥቶ የራሱን እንዲወስድና በአገሩ እንዲያቆም ነበር። የወሰደና ያልወሰደ እንዲለይም ታስቦ ነው። የታሰበው ያህል ግን አልተወሰደም። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ምሰሶውን በጭነት መኪና ጭኖ መሄድ ቀላል ነው። ከባዱ የካውንቲው ሰው እርስ በርሱ ተነጋግሮ «ይህ የሆነው እዚህ፣ በእኛ ዘንድ ነው» ማለቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

አፈሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መጀመሪያ የካውንቲው ነዋሪዎች ማኅበር ያቋቁማሉ፤ መምህራን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የታሪክ ወዳጆች፣ ሲገኙም የሟቹ ዘመዶች ይገቡበታል። የድሮ ጋዜጣ አገላብጠው፣ ሽማግሌ ጠይቀው ቦታውን ያፈላልጋሉ። ቦታው ዛሬ የመኪና ማቆሚያ፣ የእርሻ ማሳ ወይም የወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። ከዚያ በተቀጠረው ቀን ተሰብስበው፣ የሰውየው ታሪክ ተነቦ፣ እየተቀባበሉ በአካፋ ወይም በእጃቸው አፈሩን ወደ ጠርሙሱ ይጨምራሉ። የገዳይ የልጅ ልጅና የሟች የልጅ ልጅ በአንድ ጠርሙስ ላይ ሊያጎነብሱ ይችላሉ። ሞንትጎመሪ ሄዶ መጎብኘት የሚቻለው ከቤት ርቆ ነው፤ አፈር መዛቅ ግን የሚኖሩበትን መሬት ይነካል። ቀጥሎ በዚያው ቦታ የሚቆም ሰሌዳ ይዘጋጃል፤ በአንድ ገጹ የአካባቢው ታሪክ፣ በሌላው ብዙውን ጊዜ የአገሪቱ ታሪክ ይጻፍበታል።

ሁሉም በደስታ አይቀበለውም። «የቆየ ቁስል ለምን ይነካካል?» የሚል ሰው በየስፍራው አለ። ቁስሉ ግን ለሟች ቤተሰብ ድኖ አያውቅም። በ1955 በሚሲሲፒ የተገደለው የ14 ዓመቱ ኤሜት ቲል አስከሬን በተገኘበት ወንዝ አጠገብ የቆመው ሰሌዳ አንዴ ተሰርቋል፣ በተደጋጋሚም በጥይት ተበሳስቷል። የቦታው ሰዎች በ2019 ከ220 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ጥይት የማይበሳው ሰሌዳ አቆሙ።

ታሪኩ እኛንም ይነካል። በ1988 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ወንድማችን ሙሉጌታ ሥራው በነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሲሞት፣ ገዳዮቹን አነሳስቷል የተባለውን የዘረኛ ድርጅት መሪ ለቤተሰቡ ወግነው የከሰሱት ጠበቆች ከዚችው ሞንትጎመሪ የሄዱ ነበሩ። በ1990 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰኑ። ግድያው 30ኛ ዓመቱን ሲይዝ ከተማዋ በተገደለበት ሰፈር የመንገድ ስም ሰሌዳዎች ላይ ስሙን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አኖረች።

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ወገናችን ደግሞ ይህን ታሪክ ፍለጋ ወደ ደቡብ መውረድ አያስፈልገውም። ብዙ ሐበሻ ባለባት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ጆሴፍ ማኮይ በ1897፣ የ16 ዓመቱ ቤንጃሚን ቶማስ ደግሞ በ1899 ከመንግሥት እጅ ተነጥቀው በመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቅለዋል። በገዳዮቹ ላይ የተሰጠ ፍርድ የለም። የከተማዋ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ታሪካቸውን አጠኑ፤ በ2022 ለሁለቱም አፈር ሰብስበው፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው ሞንትጎመሪ ድረስ አደረሱ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም የራሱ ሦስት ሟቾች አሉት፤ ጆርጅ ፔክና ጆን ዲግስ ዶርሲ በ1880፣ ሲድኒ ራንዶልፍ በ1896።

እነዚህ ማኅበራት የሚቀበሉት ማንኛውንም የካውንቲውን ነዋሪ ነው፤ የት ተወለድክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰሌዳ በሚቆምበት ካውንቲም ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የድርሰት ውድድር ያዘጋጃል፤ ለአሸናፊዎቹም ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ይሸልማል። ልጆቻችን የሚማሩት በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ስለሆነ መወዳደር ይችላሉ።