የበሬው ራስ እንዴት «አ» ሆነ?

አንባቢ ሆይ፣ «አ»ን በጻፉ ቁጥር የበሬ ራስ እንደሚሥሉ ያውቃሉ? ቀልድ አይደለም። ነገሩ የሚነሣው ከጥንት ግብጽ ነው።

ከ5,000 ዓመት በፊት ግብጾች በሥዕል ይጽፉ ነበር። አፍ ለማለት አፍ ይሥላሉ። ታዲያ የሰው ስም እንዴት ይሣላል? ለዚህ ብልሃት ነበራቸው። አፍ በቋንቋቸው «ር» በሚል ድምፅ ይጠራ ስለነበር፣ የአፍ ሥዕል «ር» ተብሎም ይነበባል። እንዲህ ድምፅ ከድምፅ እየገጠሙ የፈለጉትን ቃል ይጽፋሉ። ቃሉ ከሌላ ቃል ጋር እንዳይምታታ፣ መጨረሻው ላይ የማይነበብ ሥዕል ይጨምራሉ፤ የሚራመዱ እግሮች ካሉበት ነገሩ ስለ መሄድ ነው ማለት ነው።

ችግሩ ምልክቶቹ በመቶ የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። ያን ሁሉ የሚያውቁት ጥቂት ጸሐፊዎች ነበሩ። የገበሬውን እህል ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ምን እንደተጻፈበት ግን ገበሬው አያነብም። ኋላም አንባቢዎቹ ሲያልቁ ጽሕፈቱ ዲዳ ሆነ። በ1822 እ.ኤ.አ. ሻምፖሊዮን የተባለ ፈረንሳዊ እስኪፈታው ድረስ 1,400 ዓመት ያህል የሚያነበው ጠፋ።

ደግነቱ ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ3,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ ቋንቋቸው የግእዝ ዘመድ የሆነ ሰዎች በሲና በረሃ ሥዕሎቹን ወስደው አቀለሏቸው። ከእያንዳንዱ ስም የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ያዙ። በሬን «አልፕ» ይሉት ነበርና የበሬ ራስ «አ» ሆነ። ቤት «በ»፣ ዐይን «ዐ» ሆነ። «ዐ» እኮ እስከ ዛሬ እንደ ዐይን ክብ ናት! ብልሃቱን ያገኘው የወላይታ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ቤት «ኬታ» ነውና የቤቱ ሥዕል «ከ» ይሆን ነበር፤ ውሃም «ሃታ» ነውና «ሀ» ይባል ነበር።

እነዚህ ፊደላት በሁለት መንገድ ተጓዙ። አንደኛው በደቡብ ዓረብ በኩል ወደ አክሱም መጥቶ የግእዝ ፊደል ሆነ። «በ፣ ቡ፣ ቢ» የሚያሰኙት ቅጥያዎች በ4ኛው መቶ ዘመን ተጨመሩለት። ሌላው በፊንቄና በግሪክ አድርጎ ላቲን ሆነ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ወደ ላቲን ዞረ። እንግዲህ በዘመቻው የተማረ አባት በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን የልጁን ደብተር ማንበብ አቃተው። ይኸ ነገር በብዙ ቤት አለ፤ ቀላል ኀዘንም አይደለም። ሆኖም ሁለቱ ፊደላት ባዕድ አይደሉም። ልጅዎን ይጥሩትና የላቲኑን የመጀመሪያ ፊደል፣ ትልቁን «ኤ»፣ ያስጽፉት። ከዚያ ደብተሩን ይገልብጡት። ሁለት ቀንድ ያያሉ።