በጭን ደም ሥር እስከ ልብ

ደረት ሳይከፈት ወደ ልብ መግባት እንደሚቻል ያሳየው ጀርመናዊው ቨርነር ፎርስማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በኤበርስቫልደ ከተማ ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ሰደደና በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። ሥራው የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት በ1956 ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር በ1964 የጠበበ የእግር ደም ሥር በቱቦ ከፈተ፤ አንድሪያስ ግሩንትሲግም በ1977 ዙሪክ ላይ የልብን ደም ሥር በፊኛ አሰፋ።

ለኢትዮጵያ ደጋ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ፊኛ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ አገር የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው የደም ሥር መደፈን ሳይሆን ከጉሮሮ የሚነሣ በሽታ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሐዋሲ ያመጣው የጉሮሮ ቁስል በወቅቱ ካልታከመ ሩማቲክ ፊቨር ሊያስከትል፣ ይህም ሲደጋገም የልብን በሮች ሊያቆስልና ሊያጣብቅ ይችላል። በጤናማ አዋቂ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው ማይትራል የተባለው በር ከ1.5 በታች ሲጠብ ደም ወደ ሳንባ እየተመለሰ ዳገት የወጣውን ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። የኢኖዌ ቱቦ በጭን ደም ሥር ገብቶ ሁለቱን የልብ የላይኛ ክፍሎች የሚለየውን፣ አስቀድሞ የተበሳውን ግድግዳ ያልፋል፤ ፊኛው መጀመሪያ በፊቱ፣ ቀጥሎ በኋላው፣ በመጨረሻ በወገቡ ይነፋና የተጣበቀውን በር ያላቅቃል። በሩ በጣም ከጠነከረ፣ ደም በብዛት ወደ ኋላ የሚያፈስ ከሆነ ወይም ልብ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ግን አይሞከርም።

በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ሕክምና ቦታ እንዲያገኝ ብዙ ከደከሙት አንዱ የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 አቋቋሙ። ለዓመታት ሕፃናት ለሕክምና ወደ ውጭ ሲላኩ ኖሩ፤ በ2009 ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ከውጭ የሚመጡ የሕክምና ቡድኖችም እዚያ ሲያክሙና ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል። ከተወለዱ በኋላ መዘጋት የነበረበት ልብ አጠገብ ያለ የደም ቧንቧ ክፍት ለቀረባቸው ሕፃናት በቱቦ የሚገባ መድፈኛ ማስቀመጥ ደረት ከመክፈት ያድናቸዋል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው የማቻከል ወረዳዋ አማኑኤል እስከዚያ ማዕከል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉሮሮ ሲታመም እንጥል ማስቆረጥ በቆየበት አገር ልጁ ቀድሞ የሚደርሰው ቆራጩ ዘንድ እንጂ ሐኪም ዘንድ ላይሆን ይችላል፤ ቆራጩ ደግሞ ተሐዋሲውን አያጠፋም። ፔኒሲሊን ያጠፋዋል። ሩማቲክ ፊቨር የያዘው ሰው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት፤ ፊኛው በሩን ከከፈተለት በኋላም መርፌው የሚቀጥለው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ነው።