ውኃ ቋጥሮ ስለሚይዝ ለስላሳ ነገርና ስለ ጥርስ አፈጣጠር

በመርካቶ ቅመም ተራ የሚያልፍ ሰው ከሚያያቸው ጆንያዎች አንዱ የአብሽ ነው። አብሽ ደረቅ ሳለ እንደ ጠጠር የጠነከረ ፍሬ ሲሆን፣ ተፈጭቶ በውኃ ተነክሮ ሲያድር ግን አብጦና ተዝለግልጎ ይገኛል። ከላይ የቀረው መራራ ውኃ ከተደፋ በኋላም ወፍራሙ ክፍል የጠጣውን ውኃ አይለቅም። ተልባም እንደዚሁ ነው። ይህን የመሰለውን፣ ብዙ ውኃ በውስጡ ቋጥሮ ሳይፈስ የሚቆመውን ለስላሳ ነገር የሳይንስ ሊቃውንት «ሃይድሮጄል» ብለው ይጠሩታል። ስሙ ባዕድ ቢሆንም ነገሩ ለማንኛዋም ባለሙያ እመቤት እንግዳ አይደለም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ኦቶ ዊክተርሌና ድራሆስላቭ ሊም የተባሉ የቼኮስሎቫኪያ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ብልሃት ሠርተው ለሰውነት እንደሚስማማ ገለጹ። በዐይን ላይ የሚደረገው ለስላሳ ሌንስም የተገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ሰውነት እንዲህ ያለውን ነገር የማይጠላበት ምክንያት፣ የራሱም ለስላሳ ሥጋ በአብዛኛው በቀጫጭን ክሮች መረብ የተያዘ ውኃ ስለ ሆነ ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስገባት ወደ ጥርስ ሐኪም የሄደ ሰው ምናልባት ሳያውቀው ይህን ነገር ቀምሶታል። ሐኪሙ ዱቄት በውኃ አቡክቶ በብረት ሳሕን አድርጎ አፍ ውስጥ ሲያስገባው በጥቂት ደቂቃ ረግቶ የጥርሱንና የድዱን ቅርጽ ይይዛል። ይህም አልጂኔት የሚባል፣ ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኝ ነገር ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሃይድሮጄል ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሳይሆን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው። ጥርስ ሲነቀል በጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ፋይብሪን በተባሉ ቀጫጭን ክሮች የተያያዘ ዝልግልግ ነገር ሲሆን፣ ቁስሉን ከመክደኑም በላይ አዲስ ሥጋና በኋላም አዲስ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት የሚረማመዱበት ድልድይ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን እንደ እድፍ ቈጥሮ አፉን ደጋግሞ በመጉመጥመጥ ያጥበዋል፤ ወይም ከሐኪሙ እንደ ወጣ ሲጋራ ያጤሳል፣ ጫት ይቅማል። ረጊው ደም ከስፍራው ሲነሣ አጥንቱ ራቁቱን ይቀርና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ይነሣል። ስለዚህ ጥርስ የተነቀለለት ሰው የተሰጠውን ፋሻ ነክሶ ይቆይ፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስም አይጉመጥመጥ፣ በኀይል አይትፋ፣ በቀሰም አይጠጣ፣ አያጢስ። በጨው ውኃ በቀስታ መጉመጥመጥ የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። የውጭ አገር ሐኪሞችም የዚህን ረጊ ደም ዋጋ ተረድተው፣ ከበሽተኛው ክንድ ጥቂት ደም ቀድተው በመኪና በማሽከርከር ፋይብሪኑን ለይተው በቁስሉ ላይ ያኖሩታል። ይህ ዘዴ በ2001 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በፈረንሳይ አገር የታወቀ ነው።

ድዱ ሸሽቶ አጥንቱ ለተበላ ሰው ደግሞ «ኤምዶጌይን» የተባለ በስዊድን አገር የተጀመረ ጄል አለ። የጥርሱ ሥር ተገልጦ ከጸዳ በኋላ ሲቀባ፣ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ክርና አጥንቱ በከፊል እንዲታደስ ይረዳል። ይሁን እንጂ ይህ መድኀኒት የሚወጣው ገና ካልበቀለ የዐሣማ ግልገል ጥርስ መሆኑን መሰወር አይገባም። የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት ሰፈር፣ በሽተኛው የሚቀባውን ነገር ምንጭ አስቀድሞ ለመጠየቅ መብት አለው፤ ሐኪሙም ሳይጠየቅ ቢነግረው ይሻላል። ደም ለማቆም የሚደረገው የጄላቲን ስፖንጅም ብዙውን ጊዜ ከዚያው እንስሳ ስለሚሠራ ጥያቄው ለእርሱም ይሆናል።

መድኀኒቱ ካልበቀለ ጥርስ የሚወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራ የሆነው የጥርስ ልባስ፣ ከክብደቱ ከመቶ 96 ያህሉ ማዕድን ሆኖ ሳለ፣ ሲፈጠር የሚጀምረው ለስላሳ ዝልግልግ ሆኖ ነው። በሕፃኑ ድድ ውስጥ ጥርሱ ከመብቀሉ ብዙ ወራት አስቀድሞ ውኃ ያዘለ ለስላሳ ቡቃያ ተቀብሮ ይገኛል። ልባሱን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲወጣ ስለሚጠፉ የተበላ ልባስ ዳግመኛ አይበቅልም። የተቦረቦረን ጥርስ መልሶ አበቅላለሁ የሚል ሰው ቢገኝ፣ ጄል ይዞም ቢመጣ፣ እንዲህ ያለ መድኀኒት ዛሬ በየትኛውም ሐኪም ቤት የለም።

በአገራችን በብዙ ስፍራ ሕፃን ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ሲይዘው «ግግ ማስወጣት» እየተባለ ድዱ በስለት ተሰንጥቆ የሚወጣው ታዲያ ይኸው ቡቃያ ነው። ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ ባለ ወስፌዎቹ «ትል ነው» ብለው ለእናቲቱ ያሳዩአታል፤ እርስዋም በዐይኗ አይታ ታምናለች። ትል የተባለው ግን የልጅዋ የወተት ክራንቻ ነው። ልማዱ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ስለ ታየ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከአገራቸው ወጥተው በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥም ምልክቱን ሐኪሞች አግኝተውታል። ከስለቱ የሚመጣው ጉዳት የደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የተረፈውም ልጅ ከሥር የተቀበረው ቋሚ ክራንቻው ተበላሽቶ ወይም ጨርሶ ሳይበቅል ሊቀርበት ይችላል። መምህራን በክፍላችሁ ክራንቻው በአንድ ወገን የጎደለ ወይም ቅርጹ የተጣመመ ተማሪ ብታዩ፣ በሕፃንነቱ ምን እንደ ተደረገለት ወላጆቹን በትሕትና ብትጠይቁ መልካም ነው፤ ምናልባት በቤት ውስጥ ገና ያልተነካ ታናሽ ወንድም ይኖረዋል።

ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ሕይወቱን የሚያሰጋው ከሰውነቱ የሚጠፋው ውኃና ጨው እንጂ ድዱ አይደለም። ጡት ሳይቋረጥበት፣ ከጤና ጣቢያ በሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንድ ከረጢት፣ በላዩ እንደ ተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ዚንክም እንዲሰጠው ይጠየቅ። ዐይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም በሰገራው ደም ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።