ወደ ውጭ የማይንጠባጠብ የጆሮ ፍሳሽ፦ ስታስነጥሱ ቤቱ ይዞርባችኋል?

ጆሮ ይፈሳል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ትራስ የሚያበላሽ መግል ነው። የዛሬው ሌላ ነው። አይሸትም፣ ጠብ ሲልም አይታይም። ሐኪሙ በመብራት ቢያይ ታምቡሩ ደህና ሊመስለው ይችላል። እናንተ ግን በአንድ ጆሯችሁ መስማት አቅቷችኋል፣ ወይ ባስነጠሳችሁ ቁጥር ቤቱ ይዞርባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከታምቡሩ ጀርባ አየር ያለበት ጠባብ ክፍል አለ፤ መካከለኛው ጆሮ ይባላል። ከሱ ወዲያ ያለው ውስጠኛው ጆሮ ድምፅም የሚሰማበት ሚዛንም የሚጠበቅበት ነው። እሱ ውስጥ ፔሪሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ቢለካ ጥቂት ጠብታ ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኙ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉ። አንዱን እርካብ የምትመስል አጥንት ዘግታዋለች (በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሿ እሷ ናት)፣ ሌላው ላይ ስስ ሽፋን ተወጥሯል። ከሁለቱ አንዱ ከተቀደደ ፈሳሹ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይሾልካል፤ ከዚያ በውስጥ ቱቦ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ለዚህ ነው የማታዩት።

ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ውሃ መሳይ ነገር ከጆሮ ወይ ከአፍንጫ ወደ ውጭ ከወረደ ግን የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

መስኮቱን ምን ይቀደዋል? የሞተር አደጋ፣ ጆሮ ግንድ ላይ ያረፈ ጥፊ፣ ፍንዳታ፣ ጉንፋን ይዞ በአውሮፕላን መሄድ፣ ጠልቆ መዋኘት፣ ጂም ውስጥ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ብረት ማንሳት። ቪክተር ጉድሂል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1971 (እ.ኤ.አ) መንገዱ ሁለት እንደሆነ ጽፏል፦ ስናምጥ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ጨምሮ መስኮቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ወይም ከውጭ የመጣ ግፊት ወደ ውስጥ ይሰብረዋል።

አሁን አስቸጋሪው ጋ ደረስን፤ ምርመራው። «አዎ፣ ይሄ ነው» የሚል አንድ ቁርጥ ያለ ምርመራ የለም። የመስማት ምርመራ ምን ያህል እንደጎደለ ይናገራል እንጂ ለምን እንደጎደለ አይናገርም። ሐኪሙ ጆሮ ውስጥ ቀስ አድርጎ አየር ገፍቶ ዓይናችሁ ሲዋልል፣ እናንተም ሲያዞራችሁ ካየ ይጠረጥራል። ሲቲ ስካን ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ አየር ካሳየ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አያሳይም። ጃፓን ውስጥ መካከለኛውን ጆሮ በትንሽ ጨዋማ ውሃ አጥበው፣ ፔሪሊምፍ ውስጥ ያለ ሲቲፒ የሚባል ፕሮቲን ይፈልጉበታል። ይሄ በየቦታው አይገኝም።

ስለዚህ ትልቁ ምርመራ የራሳችሁ ታሪክ ነው። «ጆሮዬ ተደፈነ» ብቻ ብላችሁ ከገባችሁ ኩክ ይታጠብና ትሸኛላችሁ። «ማክሰኞ ብረት ሳነሳ ጧ አለ፣ ከዛ ወዲህ አልሰማም፣ ሳስል ያዞረኛል» ካላችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ። አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ ወደታፈነው ጆሮ ካደላ ኩክ ወይ የመካከለኛው ጆሮ ችግር ሊሆን ይችላል። ወደ ጤነኛው ካደላ ውስጠኛው ተጎድቶ ይሆናል። ሙከራው ሐኪም አይተካም። በተለይ መስማት በድንገት ከጠፋ፣ ፈሳሽ ሾለከም አልሾለከ፣ በዚያው ሳምንት የአንገት በላይ ሐኪም ማየት አለበት፤ የሚሰጠው መድኃኒት ሲዘገይ ጥቅሙ ይቀንሳል። ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ጠብ እያደረጉ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» ማለት ቀኑን መብላት ነው።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመተኛት ነው፦ ራስን በትራስ ከፍ አድርጎ፣ ሳያምጡ፣ ሳይናፈጡ፣ ዕቃ ሳያነሱ። ቀዳዳው በራሱ ሊዘጋ ይችላል። ካልተዘጋ፣ ወይ መስማቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ቀዶ ጥገና አለ። ጆሮን ከውጭ መቅደድ አይደለም፤ በጆሮ ቀዳዳ በኩል ተገብቶ ታምቡሩ እንደ መጋረጃ ይገለጥና ሁለቱ መስኮቶች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ከራሳችሁ ጆሮ አካባቢ በተወሰደ ስብ ወይ ስስ ሥጋ ይለጠፋሉ።

እዚህም ላይ ክርክር አለ። ለማደንዘዣ የተወጋው ፈሳሽ ራሱ መስኮቱ ጋ ተጠራቅሞ ፔሪሊምፍ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል እውነተኛው ሽንቁር በዚያች ሰዓት ላይፈስ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ባያዩትም ይለጥፉታል፤ እኔ እንደሚገባኝ ከጥርጣሬው አንጻር ምክንያታዊ ነው። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን «እርግጠኛ ነህ ወይስ ጥርጣሬ ነው?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሌላም የሚያምታታ በሽታ አለ፤ በ1998 (እ.ኤ.አ) ሎይድ ማይነርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ የገለጹት፣ የሚዛን ቱቦውን የሚሸፍነው አጥንት ሲሳሳ የሚመጣ። እሱም በድምፅና በማስነጠስ ያዞራል፤ አንዳንዱ ሰው የራሱ ዓይን ሲንቀሳቀስ ይሰማዋል። ይሄኛውን ሲቲ ስካን ያሳየዋል፣ ቀዶ ጥገናውም የተለየ ነው።

ከልጠፋው በኋላ ማዞሩ ከመስማቱ ይልቅ በተሻለ ይመለሳል፤ የሞተ መስማት ሁሌ አይነሳም። ለተወሰኑ ሳምንታት ጂም፣ አውሮፕላንና ዋና የለም። ማስነጠስ ከመጣ ደግሞ አፍንጫ ሳይያዝ፣ አፍ ተከፍቶ ነው።